ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት ራውተሩ የት እንደተቀመጠ እዩ

እናቴ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የምትከታተለው በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ነው። ጉልበቷ ካስቸገራት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው አልፎ አልፎ ሆኗል። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቆማለች። ልክ ወንጌል ሊነበብ ሲል ቪዲዮው ይቆምና ያቺ ክብ ትመጣለች። ትሽከረከራለች። እናቴም ዝም ብላ ቆማ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ሃያ ሰከንድ፣ አንዳንዴ አንድ ደቂቃ ሙሉ።

ለወራት በዚህ ሁኔታ ቆየን። በመጨረሻ ቤተሰብ ተመካክሮ የኢንተርኔት ፓኬጁን ከ10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ወደ 20 አሳደግን። ወርሃዊ ክፍያው ጨመረ። ክቧ ግን የትም አልሄደችም። አንድ እሑድ ላፕቶፔን ይዤ ኮሪደር ላይ ራውተሩ (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን) ሥር ተቀመጥኩና ያንኑ ቅዳሴ ከፈትኩ። አንዴም ሳይቆም ሄደ። በዚያው ደቂቃ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ቆሟል። ኢንተርኔቱ እቤት ድረስ መጥቷል ማለት ነው። ሳሎን ነው ያልደረሰው። ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ዘጠኝ ሜትር አይሞላም።

ይህን የምጽፈው ብዙ ቤተሰብ እኛ የሄድንበትን መንገድ ሲሄድ ስለማይ ነው። ቪዲዮ ሲቆራረጥ መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ «ኔቱ ደካማ ነው» የሚል ነው። ቀጥሎ ከፍ ያለ ፓኬጅ እንገዛለን። የቤት ኢንተርኔት ለብዙዎቻችን ቀላል ወጪ አይደለም። ብሩ ከመውጣቱ በፊት ችግሩ ያለው ከየት በኩል እንደሆነ መለየት አለበት። መለየቱ ከባድ አይደለም፤ አንድ ምሽት ይበቃል።

ሮቶውና ጀሪካኑ

ክቧ ለምን እንደምትመጣ ለመረዳት ሮቶ ያለበትን ቤት አስቡ። ውኃው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ሮቶውን ይሞላል። እኛ የምንቀዳው ከሮቶው ነው። ቧንቧው ለሁለት ሰዓት ቢደርቅ እቤት ያለ ሰው ልብ አይለውም፤ የተጠራቀመው ያዳርሳል።

ቪዲዮም እንዲሁ ነው። ዩቲዩብም ሆነ ኔትፍሊክስ ፊልሙን የሚልኩት የጥቂት ሰከንድ ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ነው። አፑ ቁርጥራጮቹን አስቀድሞ እያወረደ ያጠራቅማል። እኛ የምናየው ከተጠራቀመው ላይ ነው። መስመሩ ሲደክም አፑ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ትንንሽ ቁርጥራጮችን ይጠይቃል። ምስሉ በድንገት የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ያም አልበቃ ብሎ የተጠራቀመው ሲያልቅ ክቧ ትመጣለች።

ቀጥታ ስርጭት ከሌላው ቪዲዮ በላይ የሚቆራረጥበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። ገና ያልተነበበ ወንጌል አስቀድሞ ሊወርድ አይችልም። ገና ያልተመታ ኳስም እንደዚያው። ለቀጥታ ስርጭት ያለን ማጠራቀሚያ ጀሪካን ታክላለች። መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ካለ አለቀ። እናቴ ማታ ድራማዋን ያለ ችግር አይታ ጠዋት ቅዳሴው የሚቆምባት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ «እንዴት ድራማው ሄዶ ቅዳሴው እምቢ ይላል?» እያልኩ የቤተ ክርስቲያኑን ስርጭት ነበር የምጠረጥረው።

በነገራችን ላይ ይህ ጥርጣሬ አንዳንዴ ትክክል ይሆናል። ስርጭቱን የሚልኩት ሰዎች መስመር ከደከመ ሁሉም ተመልካች ጋ ነው የሚቆመው። ማጣሪያው ቀላል ነው። ዳላስ ወይም ሪያድ ያለ ዘመድ ያንኑ ስርጭት የሚያይ ከሆነ ደውላችሁ «እናንተም ጋ ቆመ?» በሉት። እነሱም ጋ ከቆመ ራውተራችሁን አትንኩት።

የተጠራቀመው ምን ያህል እንደሆነ በዓይን ማየት ይቻላል። ኮምፒውተር ላይ ዩቲዩብ ከፍታችሁ ቪዲዮው ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ። «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚል ምርጫ አለ። ከሚወጡት ጽሑፎች መካከል «ባፈር ሄልዝ» የሚለው የተጠራቀመውን በሰከንድ ይነግራችኋል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከቆየ ሰላም ነው። ወደ ዜሮ እየወረደ ከሆነ ክቧ እየመጣች ነው። እኔ ኮሪደር ላይና ሳሎን ውስጥ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ሳነጻጽር ነው ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባኝ።

ስንት ሜጋ ቢት ይበቃል?

ዩቲዩብ ራሱ ለየምስል ጥራቱ የሚመክረው ይህን ነው፤ የ«ፒ»ው ቁጥር ሲያድግ ምስሉ ይጠራል፣ 4ኬ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል። ለ480ፒ 1.1 ሜጋ ቢት በሰከንድ። ለ720ፒ 2.5። ለ1080ፒ 5። ለ4ኬ 20። ኔትፍሊክስም ለ1080ፒ 5 ሜጋ ቢት ነው የሚለው። እንግዲህ የእናቴ ቴሌቪዥን 10 ሜጋ ቢት ሁለት እጥፍ ይበቃው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበትን ነገር ላንሳ። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው። ፋይል ስናወርድ ስልኩ የሚያሳየን ደግሞ በአብዛኛው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ10 ሜጋ ቢት መስመር በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት ያወርዳል። ይህን ቁጥር አይተው ተታለልን ብለው የሚቆጡ ሰዎች አውቃለሁ። አልተታለሉም።

ዋናው ጉዳይ ግን ከመጠኑ ይልቅ አለመዋዠቁ ነው። የፍጥነት መለኪያ አፖች ጥቂት ሰከንድ ይለኩና አንድ ቁጥር ይሰጡናል። ያ ቁጥር በመሃል ድርግም ያለችውን ቅጽበት ይሸፍናታል። ቁጥሩ 20 እያለ በየደቂቃው ለአምስትና ስድስት ሰከንድ የሚጠፋ ዋይፋይ ለቀጥታ ስርጭት አይሆንም። ሳይዋዥቅ 4 ሜጋ ቢት የሚሰጥ መስመር በእጅጉ ይሻላል።

መጀመሪያ ለዩት

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ቪዲዮው በሚቆራረጥበት ሰዓት አንድ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ ሂዱ። ያንኑ ቪዲዮ በዚያው ጥራት ክፈቱ። እዚያ ያለ ችግር ከሄደ ጥፋቱ ቤታችሁ ውስጥ፣ አየር ላይ ነው። እዚያም ከቆመ ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙና ድገሙት። በኬብልም ከቆመ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው፤ ወይም ራሱ ራውተሩ ነው።

ከዚያ ስልኩን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይዛችሁ ሞክሩ። ስልኩ እዚያው ቦታ ላይ ጥሩ እየሠራ ቴሌቪዥኑ ብቻ ከቆመ፣ ተጠያቂው ቴሌቪዥኑ ወይም የአንድሮይድ ሳጥኑ ነው። በርካሽ የሚሸጡ ሳጥኖች ሜሞሪያቸው ትንሽ ነው፤ ይሞቃሉ፤ አንዳንዶቹ የሚቀበሉት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው፤ ስለ እሱ ወደ ታች እመለሳለሁ። አላስፈላጊ አፖችን አጥፉ፣ ዩቲዩቡን አፕዴት አድርጉ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት።

ሙከራውን በሁለት የተለያየ ጊዜ አድርጉት። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ምሽት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ። ሰፈሩ ሁሉ እቤት የሚገባው ምሽት ነው። ጠዋት በኬብል ጥሩ ሆኖ ምሽት በኬብልም ከደከመ መጨናነቁ ውጭ ነው።

በአየር ላይ ምን ይሆናል

ራውተር የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ባለሙያው ገመዱን ያስገባበት ቦታ ነው። ቤቱ ውስጥ ለሞገድ የሚመቸው የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ጋ ኮሪደር ጥግ ላይ፣ ከብረት በር ጀርባ ነበር። ሌላ ቤት ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆና ከሳህን ጋር ተቆልፎበት አይቻለሁ። ቴሌቪዥን ጀርባ ያለውማ ስፍር ቁጥር የለውም።

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። እንጨትና ስስ ክፍልፋይ ብዙም አያስቸግሩትም። ብሎኬት ያደክመዋል። ብረት የታሰረበት የኮንክሪት ምሰሶ የበለጠ ያደክመዋል። የብረት በር፣ ትልቅ መስታወት፣ ፍሪጅና ቆርቆሮ ደግሞ መልሰው ይወረውሩታል። ከራውተሩና ከቴሌቪዥኑ መካከል ምን እንዳለ በምናባችሁ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ቁጠሩ። እኛ አንድ የብረት በር፣ አንድ ምሰሶና አንድ ፍሪጅ ቆጠርን።

ቀጥሎ የሚመጣው የባንድ፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሄድበት የሞገድ ክልል ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ አዳዲስ ራውተሮች በሁለት ባንድ ይሠራሉ፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። የ2.4ቱ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይበልጥ ይችላል። ችግሩ ጠባብ መሆኑ ነው። በዚህ ባንድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻነሎች (መተላለፊያ መስመሮች) ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልካችሁን አውጥታችሁ ስንት የዋይፋይ ስም እንደሚታይ እዩ። ሃያ ቢሆን አይግረማችሁ። ሃያው በሦስት ቻነል ይጋፋል። ብሉቱዝም እዚያው ነው። ማይክሮዌቭም የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። ወጥ ሲሞቅ ፊልሙ የሚቆም ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁ።

5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ጎረቤትም ብዙ አይበዛበትም። በግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ራውተሩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ክፍል ወይም በአንድ ግድግዳ ርቀት ከሆኑ ቴሌቪዥኑን 5 ላይ አድርጉት። ከዚያ በላይ ከራቁ 2.4 ላይ ይቆይና ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከሦስቱ ቻነሎች ብዙ ያልተያዘውን ምረጡ። 3 ወይም 4 አትምረጡ። ከሁለት ወገን ጋር ትጋጫላችሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ራሴ ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ዋይፋይ እንደ ዕድር ስብሰባ ነው። በአንድ ቻነል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው በመሠረቱ አንድ ብቻ ነው። ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሩቅ ያለ ስልክ ሞገዱ ስለሚደክምበት ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ደግሞ የሁሉንም ሰዓት ይበላል። ራውተሩ አጠገብ ያለው ፈጣን ቴሌቪዥን የዚያን ስልክ ንግግር እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ዋይፋይ ለጎረቤት የማካፈልን ነገር በዚህ ዓይን ብታዩት ጥሩ ነው። ማካፈሉ ደግ ነገር ነው። ወጪም ተጋርቶ መክፈል ያቀላል። ነገር ግን ከሦስት ግድግዳ ወዲያ ያለ የጎረቤት ስልክ የሚያወርደው ትንሽ ቢሆንም የሚይዘው ጊዜ ብዙ ነው። አብራችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ኬብል ስባችሁ እነሱ ጋ ሌላ ራውተር ብታስቀምጡ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ፓስወርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እነማን ጋ እንዳለ ካላወቃችሁ ግን ቀይሩት።

የሲግናል ማራዘሚያ ስለሚባለው ዕቃ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ይገዛና ዋይፋይ በማይደርስበት ክፍል ይሰካዋል። እዚያ እሱም አይደርሰውም። የሚሰካው መሃል መንገድ ላይ፣ ገና ጥሩ ሲግናል ባለበት ነው። አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው ከሆነ ደግሞ በዚያችው ሬዲዮ እየሰማ ስለሚደግም ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። እኔ የምመርጠው ኬብል ነው። ቤት ውስጥ የቆየ ራውተር ካለ በኬብል ከዋናው ጋር አገናኙት። የሁለቱንም «ላን» የሚል ቀዳዳ ተጠቀሙ። የድሮውን ራውተር «ዲኤችሲፒ» (ለስልኮችና ለሌሎች ዕቃዎች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለውን ሥራ) ሴቲንግ ውስጥ አጥፉት፤ የራውተሩ አድራሻም ከዋናው የተለየ ይሁን። አንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ሳይደክም ይወስዳል። ለማንኛውም መኖሪያ ቤት ይበቃል።

በእርግጥ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ያላችሁ ሌላ ፈተና አለባችሁ። እሱ ከውጭም መቀበል አለበት። መስኮት አጠገብ፣ ከፍ አድርጋችሁ፣ በተለያየ አቅጣጫ ሞክሩት።

ወደ ላይ የሚሄደው

ሁላችንም የምናስበው ስለሚወርደው ነው። የሚላከውም መስመሩን ያንቃል። በተለይ የመላኪያ ፍጥነቱ ከማውረጃው በጣም ያነሰ መስመር ላይ። ልጆች ከሰርግ ሲመለሱ ስልካቸው ዋይፋዩን እንዳገኘ ፎቶና ቪዲዮውን ሁሉ ወደ ጉግል ፎቶስ መላክ ይጀምራል። ማንም አላዘዘውም፤ በራሱ ነው። ወይም አንዱ በቴሌግራም ረጅም ቪዲዮ ይልካል። ቴሌቪዥኑ «ይህ ቁርጥራጭ ደርሶኛል፣ ቀጣዩን ላክ» የሚለውም በዚያው በጠባቡ በር ነው። በሩ ከተዘጋ ጥያቄው ራውተሩ ውስጥ ተሰልፎ ይቆያል። የማውረጃው መስመር ባዶ ሆኖ ሳለ ቪዲዮው ይቆማል። ሰው እቤት ሲገባ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። የፎቶውን ምትኬ ሌሊት ላይ ማድረግ ይቻላል።

ሌላው ቪፒኤን ነው፤ ኢንተርኔታችንን በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚያሳልፍ አፕ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ቪፒኤን ጫነ። ገደቡ ተነሳ። ቪፒኤኑ አንዳንድ ስልክ ላይ እስካሁን እንደበራ ሊሆን ይችላል። የዩቲዩብ ባለቤት ጉግልና ኔትፍሊክስ በብዙ አገሮች ቪዲዮዎቻቸውን የሚያስቀምጡባቸው ሰርቨሮች ኢንተርኔት አቅራቢዎቹ ዘንድ አሏቸው። ተመልካቹ በቅርብ ካለው እንዲቀዳ ነው። ቪፒኤን ሲበራ ግን ጥያቄያችን አምስተርዳም ወይም ኒው ዮርክ ደርሶ ነው የሚመለሰው። ነጻ ቪፒኤን ከሆነ ደግሞ እዚያ ያለው ወረፋ ሌላ ነው። ካላስፈለጋችሁ አጥፉትና ሞክሩ።

መብራቱንም አትርሱ። የራውተር አዳፕተር ሲቃጠል ሶኬቱ የገጠመ ሌላ አዳፕተር እንሰካለን። ቮልቱ መመሳሰል አለበት። አምፒሩም ከመጀመሪያው ያነሰ መሆን የለበትም። ያነሰ ከሆነ ራውተሩ ሥራ ሲበዛበት ራሱን አጥፍቶ ያበራል። ተነስቶ እስኪገናኝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ያኔ ሁላችንም «ኔት ሄደ» እንላለን። የራውተሩን መብራቶች ልብ በሉ። ሁሉም በአንዴ ጠፍተው ከበሩ ጉዳዩ የኃይል ነው።

ውጭ ከሆነስ?

በኬብልም ሞክራችሁ ካልሆነ ለኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ደውሉ። ስትደውሉ ግን «ኔት አይሠራም» ብቻ አትበሉ። በኬብል እንደሞከራችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ስንት ሜጋ ቢት እንዳገኛችሁ ተናገሩ። ለሦስት ቀን ጽፋችሁ ያዙት። እንዲህ ያለ መረጃ ያለውን ደንበኛ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ብሎ መሸኘት ይከብዳል። ፋይበር ከሆነ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ መሆን አለመሆኑን ንገሯቸው። ቀይ ከሆነ ብርሃኑ አልደረሰም፤ ገመዱ ተቆርጧል ወይም በጣም ታጥፏል። ሶፋ ወይም አልጋ ገፍቶ ያጠፈው ቀጭን የፋይበር ገመድ አጋጥሞኛል። የመዳብ የስልክ መስመር ከሆነና በክረምት ብቻ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ውጭ ያለው መገጣጠሚያ ውኃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ይህንንም ንገሯቸው።

ከማንም አቅም በላይ የሚሆንበት ጊዜም አለ። አገራችን ባሕር በር ስለሌላት ዓለም አቀፉ መስመር የሚደርሰን በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። የባሕር ውስጥ ኬብል ሲቆረጥ ጉዳቱ አገር ያቋርጣል። ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጅዳ አካባቢ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ ከፓኪስታን እስከ ኤምሬቶች ድረስ ኢንተርኔት ተንቀርፍፎ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የሚቻለው ጥራቱን በእጅ ዝቅ ማድረግ ነው። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ሁሉ በኮሮና እቤት ሲቀመጥ ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ ራሳቸው ይህንኑ አድርገዋል። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ከሦስት ሜትር ርቀት 720ፒ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚቆም ጥርት ያለ ምስል ከማየት የማይቆም ደብዘዝ ያለ ይሻላል።

እኛ ቤት የሆነው ይህ ነው። ራውተሩን ከብረት በሩ ጀርባ አውጥተን ሳሎኑና ኮሪደሩ የሚገናኙበት ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ለዚያ የፋይበሩን ገመድ የሚያስረዝም ባለሙያ አስጠራን። ከዚያ 15 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ገዝቼ በግድግዳው ጠርዝ እስከ ቴሌቪዥኑ ዘረጋሁ። የኋለኛው መኝታ ቤት አሁንም ደካማ ነው። እዚያ የድሮውን ራውተር ላስገባ ነው ያሰብኩት።

ባለፈው ወር ፓኬጁን ወደ 10 መልሰነዋል። ለእናቴ አልነገርናትም። አራት እሑድ ቅዳሴዋን እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች።